እርሳሱ ውስጥ ዚንክ እየገባ፣ ቴሊንጉ ውስጥ እርሳስ እየቀረ ለተቸገራችሁ፦ የፍሎቴሽን ሙከራ ደረጃ በደረጃ

"የእርሳሱ ኮንሰንትሬት ውስጥ ዚንክ ይገባብኛል፣ ምን ልጨምርበት?" ይሄ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። (ፍሎቴሽን ማለት የተፈጨን ማዕድን ውሃና ኬሚካል ውስጥ አድርጎ፣ የሚፈለገውን በአየር አረፋ አንሳፍፎ መለየት ነው፤ በአረፋው የወጣው ኮንሰንትሬት፣ የቀረው ዝቃጭ ቴሊንግ ይባላል።) አንዳንዱ ገልብጦ ይጠይቃል፤ ግሬዱን (ኮንሰንትሬቱ ውስጥ ያለውን የሜታል መቶኛ) ከፍ ሳደርግ ሪከቨሪው (ከመጀመሪያው ሜታል ተለይቶ የወጣው ድርሻ) ይወርዳል፣ ሪከቨሪውን ስከተል ግሬዱ ይበላሻል ይላል። ሁሉም የሚፈልገው የኬሚካል ስም ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ሁሌ አንድ ነው። ቴሊንጉን በወንፊት ለይታችሁ አስመርምራችኋል? የጠፋው እርሳስ ሻካራው ላይ ነው ወይስ ልሙ ላይ? አብዛኛው ሰው አላየውም። ያን ሳታዩ የምትጨምሩት ኬሚካል ወይ ይጠቅማል ወይ አይጠቅምም፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቁትም።

ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ምሳሌ የማደርገው ጋሊና (እርሳስ)፣ ስፋለራይት (ዚንክ) እና ፓይራይት (የብረት ሰልፋይድ) አንድ ላይ ያሉበትን ማዕድን ነው። ትንሽ ቻልኮፓይራይት (መዳብ) ቢኖርም ብዙውን ጊዜ ከእርሳሱ ጋር አብሮ ስለሚወጣ መንገዱ ያው ነው። ሥራው በ1 ኪሎ ናሙና፣ በላብራቶሪ ሴል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ2.5 እስከ 3 ሊትር የሚይዝ የፍሎቴሽን ሴል፣ የአየር መቆጣጠሪያ ያለው
- የላብራቶሪ ወፍጮ፣ በዘንግ ወይም በኳስ የሚሠራ
- ወንፊቶች፦ 106፣ 75፣ 53፣ 38 እና ከተገኘ 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)
- ፒኤች መለኪያ፣ በዚያው ቀን ካሊብሬት የተደረገ
- ሚዛን፣ የጊዜ መቁጠሪያ ሰዓት፣ ስሪንጆች፣ የአረፋ መግፈፊያ፣ ትሪዎች፣ ማጣሪያ ወረቀት፣ ማድረቂያ ምድጃ
- ነጭ ሳህንና የእጅ ማጉያ መነጽር (ይሄን አትናቁት፣ በኋላ ታዩታላችሁ)
- ኖራ ወይም ሶዳ አሽ፣ ለፒኤች
- ዚንክ ሰልፌት እና ሶዲየም ሰልፋይት፣ ዚንኩን ለማስተኛት፣ ማለትም አረፋው ላይ እንዳይወጣ ለማድረግ (ዲፕረሳንት የሚባሉት)
- ኮፐር ሰልፌት፣ ዚንኩን መልሶ ለማንቃት
- ኢታይል ዛንቴት ለእርሳሱ፣ አይሶቡታይል ዛንቴት ለዚንኩ (ኮሌክተር የሚባሉት፤ ማዕድኑ ላይ ተጣብቀው ከአየር አረፋው ጋር እንዲያያዝ ያደርጉታል)
- ፍሮዘር (አረፋ የሚሠራው ኬሚካል)፣ ለምሳሌ ኤምአይቢሲ

ከመጀመራችሁ በፊት፣ ጥንቃቄ

ይሄን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ።

ዛንቴት ከአሲድ ወይም ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ያወጣል። በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ መርዝም ነው። ዛንቴቱን ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ እሳት አታስጠጉ።

ሳያናይድ በብዙ የድሮ አሠራሮች ውስጥ አለ፤ ዚንክና ፓይራይትን ለማስተኛት በጣም ይሠራል። ነገር ግን ፒኤች ሲወርድ ገዳይ ጋዝ ይሆናል። ፒኤች 9.2 አካባቢ ላይ ግማሹ ወደ ጋዙ ዓይነት ተለውጧል ማለት ነው። የሠለጠነ ሰው፣ የጋዝ መሳቢያ፣ የጋዝ ማንቂያ እና የመጀመሪያ ሕክምና ዝግጅት ከሌላችሁ አትንኩት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ያለ ሳያናይድ ነው።

ሌላ፦ ሶዲየም ሰልፋይት እና ሶዲየም ሰልፋይድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጨረሻዋ ፊደል "ት" እና "ድ" ናት ልዩነታቸው። ሰልፋይዱ በብዛት ከገባ ማዕድኑን ሁሉ ያስተኛል፤ አሲድ ካገኘ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። የዚህ ጋዝ ሽታ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም ሁለት ጊዜ አንብቡ።

የጋሊና አቧራ እርሳስ ነው። ጓንት፣ መነጽር፣ የአቧራ ጭንብል ልበሱ፤ ላብራቶሪ ውስጥ አትብሉ። ዝቃጩንና የተረፈውን ውሃ ደግሞ ወደ ፍሳሽ ሳትደፉ ለብቻው አጠራቅሙ።

ደረጃ 1፦ ናሙናውን ከአየር ጠብቁት

ማዕድኑን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ስበሩ፣ በደንብ አደባልቁ፣ በናሙና መክፈያ እኩል እኩል ከፍላችሁ 1 ኪሎ 1 ኪሎ በላስቲክ አሽጉ። ከዚያ ማቀዝቀዣ፣ ከተቻለ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። የሰልፋይድ ማዕድን (ጋሊና፣ ስፋለራይት፣ ፓይራይት) አየርና እርጥበት ሲያገኝ ገጹ ይዝጋል። ፍሎቴሽን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የገጽ ሥራ ነው፤ ኮሌክተሩ የሚጣበቀው በላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ከተቀየረ ማዕድኑ ውስጡ ጋሊና ቢሆንም ኮሌክተሩ እንደ ጋሊና አያውቀውም።

አንድ ጊዜ አፉ ክፍት በነበረ ከረጢት የቆየ ናሙና ላይ ሙከራ ቀጥዬ፣ ለሳምንታት የኮሌክተር ዓይነት ስቀያይር ነበር። አረፋው ቀጭንና የገረጣ ሆኖ ቀረ። ከፍሪዘር የወጣ አንድ ከረጢት በዚያው አሠራር ስሞክር ግን የመጀመሪያው ግፋፊ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ሲያንጸባርቅ አየሁ። ችግሩ ኮሌክተሩ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱ ላይ የተሰበረበትን ቀን ሳልጽፍ አላስቀምጥም።

ደረጃ 2፦ የመፍጨት ጊዜውን እወቁ

አራት ከረጢት ውሰዱ። እያንዳንዱን 1 ኪሎ ከ540 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር (65 በመቶ ጠጣር ይሆናል) ለ5፣ 10፣ 15 እና 20 ደቂቃ ፍጩ። በ38 ማይክሮን ወንፊት ላይ በውሃ እጠቡ፣ የቀረውን አድርቃችሁ በሌሎቹ ወንፊቶች ንፉ። ከዚያ ከ75 ማይክሮን በታች ስንት በመቶ እንደወረደ በጊዜ ላይ ሣሉ። 80 በመቶው ከ75 በታች የሚሆንበት ደቂቃ የመጀመሪያ መነሻችሁ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ትኩረት? ምክንያቱም ጋሊናና ስፋለራይት ተጣብቀው ያሉበትን ቅንጣት ማንም ኬሚካል አይለየውም። ግማሹ እርሳስ ግማሹ ዚንክ የሆነ ቅንጣት አረፋው ላይ ሲወጣ ዚንኩን ተሸክሞ ነው። በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ መፍጨትም ይጎዳል። ጋሊና ለስላሳ ስለሆነ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደቃል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ቅንጣት ከአየር አረፋው ጋር የመጋጨት ዕድሉ ስለሚያንስ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ፋብሪካ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጋሊና መጠነ ክብደቱ 7.5 ስለሆነ ሳይክሎን (ሻካራውን ከልሙ የሚለየው መሣሪያ) በደቃቅነቱ ሳይሆን በክብደቱ እያየ ወደ ወፍጮ ይመልሰዋል፤ የደቀቀው እንደገና ይደቃል።

የወፍጮው ኳስ ወይም ዘንግ ከምን እንደተሠራም መዝግቡ። ተራ ብረት ሲፋቅ የብረት ዝገት ማዕድኑ ላይ ይለጥፋል፣ ኦክስጅንም ይበላል። ዛሬ በተራ ብረት፣ ነገ በስቴይንለስ የተፈጨ ናሙና አይወዳደርም።

ደረጃ 3፦ የኬሚካል መጠን አወጣጥ

መጠን የሚነገረው በግራም በቶን ነው። ቀላሉ መንገድ 1 በመቶ መፍትሔ ማዘጋጀት ነው፦ 1 ግራም ዛንቴት በውሃ ተሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይዟል። 1 ኪሎ ማዕድን ላይ 40 ግራም በቶን ማለት 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 4 ሚሊ ሊትር ነው። የዛንቴት መፍትሔ በየቀኑ አዲስ ይሠራ። ትናንት የተሠራው እየፈረሰ ስለሆነ 40 ብላችሁ የጻፋችሁት 40 አይደለም። ዚንክ ሰልፌትና ኮፐር ሰልፌት በመቶዎች ግራም ስለሚገቡ 5 ወይም 10 በመቶ መፍትሔ ይሻላቸዋል።

ደረጃ 4፦ እርሳሱን አንሱ

1. ወፍጮው ውስጥ ማዕድኑን፣ ውሃውን፣ ሶዳ አሽ ወይም ትንሽ ኖራ፣ 800 ግራም በቶን ዚንክ ሰልፌት እና 500 ግራም በቶን ሶዲየም ሰልፋይት አንድ ላይ ጨምሩ። ወፍጮው ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አዲስ የተሰበረ ገጽ ወዲያው እንዲሸፈን ነው። ከማዕድኑ የሚሟሟ የመዳብና የእርሳስ አዮን ስፋለራይቱ ላይ ከተቀመጠ፣ ዚንኩ ሳትፈልጉት ይነቃል። ዚንክ ሰልፌት በአልካላይን ውሃ ውስጥ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ስፋለራይቱን ይለብሰዋል፣ ውሃ ወዳድ ያደርገዋል።

2. የተፈጨውን ወደ ሴሉ አዙሩ፣ ወፍጮውን አጥባችሁ ውሃውን አብራችሁ ጨምሩ። 1 ኪሎ በ2.6 ሊትር ገደማ ውስጥ 30 በመቶ ጠጣር ይሆናል። አየሩን ዝጉ፣ ማማሰያውን 1200 ዙር በደቂቃ አካባቢ አድርጉ። ፒኤች ከ8.5 እስከ 9 መሆኑን አረጋግጡ።

3. 20 ግራም በቶን ኢታይል ዛንቴት ጨምራችሁ 2 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ 15 ግራም በቶን ፍሮዘር፣ 1 ደቂቃ።

4. አየሩን ክፈቱና ግፈፉ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ግፋፊ፣ ሁሌ በአንድ ጥልቀት፣ ከተቻለ በአንድ ሰው እጅ። አረፋውን በአራት ትሪ ለዩት፦ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ፣ ቀጣዩ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4። ሁለተኛው ትሪ ሲያበቃ 10 ግራም በቶን ዛንቴት ጨምሩ። አየሩን ዘግታችሁ 1 ደቂቃ ጠብቁና ቀጥሉ።

በአራት ትሪ መለየት ጣጣ ይመስላል። ግን ያለሱ ዚንኩ መቼ እንደገባ አታውቁም። መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ከገባ ወይ ነቅቷል ወይ ከጋሊና ጋር ተጣብቋል። መጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግፈፋው ረዝሞ ነው፤ ቀድሞ ማቆም ብቻ ይበቃል።

አሁን ነጩ ሳህን ይምጣ። ከእያንዳንዱ ትሪ አንድ ማንኪያ አረፋ ሳህኑ ላይ አድርጉ፣ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ሳህኑን እያዘነበላችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ። ከባዱ ጋሊና ግራጫ ጅራት ሠርቶ ወደኋላ ይቀራል፣ ቡናማው ስፋለራይት ከፊቱ ይሮጣል፣ ነጣ ያለው ወርቅማ ፓይራይት በመካከላቸው ይቀመጣል። ማጉያውን ይዛችሁ እዩት። ግራጫና ቡናማው በአንድ ቅንጣት ላይ ከታያችሁ፣ የላብራቶሪ ውጤት ሳይመጣ የመፍጨት ችግር እንዳለ አወቃችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ዚንኩን አንቁና አንሱ

ሴሉ ውስጥ የቀረው ላይ ኖራ ጨምራችሁ ፒኤችን 10.5 አድርሱ። 500 ግራም በቶን ኮፐር ሰልፌት ጨምሩና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ፒኤቹ ስለሚወርድ እንደገና ኖራ ጨምራችሁ ወደ 11 ከፍ አድርጉት። ከዚያ 40 ግራም በቶን አይሶቡታይል ዛንቴት፣ 2 ደቂቃ፣ በመጨረሻ ፍሮዘር። እንደ እርሳሱ በአራት ትሪ ግፈፉ።

እዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መዳቡ ስፋለራይቱ ገጽ ላይ ዚንኩን ተክቶ ይገባል፤ ኮሌክተሩ የሚይዘው ያንን መዳብ ነው። ኮፐር ሰልፌቱንና ዛንቴቱን አንድ ላይ ከጨመራችሁ ሁለቱ ውሃው ውስጥ ተገናኝተው ይዘቅጣሉ፣ ሁለቱም ባከኑ። ከፍ ያለው ፒኤች ደግሞ ፓይራይቱን ለማስተኛት ነው። ኮፐር ሰልፌት ከመጠን ካለፈ ፓይራይቱም ይነቃል። አረፋው ቡናማነቱን ትቶ ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ሲሄድ ያ እየሆነ ነው።

ደረጃ 6፦ አድርቁ፣ መዝኑ፣ አስሉ

ሁሉንም አጥልሉ፣ ከ80 ዲግሪ ሳያልፍ አድርቁ፣ መዝኑ፣ ለምርመራ ላኩ። ስሌቱ ቀላል ነው። የመኖው (ወደ ሙከራው የገባው ማዕድን) እርሳስ 3 በመቶ ከሆነ 1000 ግራም ውስጥ 30 ግራም እርሳስ አለ። የእርሳሱ ኮንሰንትሬት 50 ግራም መዝኖ 48 በመቶ ቢሆን 24 ግራም ይዟል፤ ሪከቨሪው 80 በመቶ ነው። ዚንኩን በዚያው መንገድ አስሉት፦ መኖው 6 በመቶ ዚንክ ከሆነ 60 ግራም ነው፣ ኮንሰንትሬቱ 9 በመቶ ዚንክ ካለው 4.5 ግራም፣ ማለትም ከጠቅላላው 7.5 በመቶው ያለቦታው ገብቷል።

ከዚያ ሁሉንም ምርት መልሳችሁ ደምሩ። የዚንኩ ኮንሰንትሬት 110 ግራም በ1.8 በመቶ እርሳስ 1.98 ግራም፣ ቴሊንጉ 840 ግራም በ0.45 በመቶ 3.78 ግራም። ከ24 ጋር 29.76 ግራም ይመጣል፣ 2.98 በመቶ ማለት ነው። ከተለካው 3 በመቶ ጋር ተቀራረበ፣ ሙከራው ይታመናል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ግን አንድ ነገር ፈስሷል ወይም ምርመራው ተሳስቷል። ያንን ሳታገኙ ወደፊት አትሂዱ።

ይሄን መነሻ ሙከራ ምንም ሳትቀይሩ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሦስቱ ሪከቨሪ በ2 ነጥብ የሚለያዩ ከሆነ፣ ነገ በኬሚካል የምታገኙት የ1 ነጥብ መሻሻል መሻሻል አይደለም።

ደረጃ 7፦ ቴሊንጉን በመጠን ለዩ

የጠቅላላው ሥራ ልብ እዚህ ነው። ቴሊንጉን ቢያንስ በሦስት ክፈሉ፦ ከ53 ማይክሮን በላይ፣ ከ53 እስከ 20፣ ከ20 በታች። እያንዳንዱን መዝኑና አስመርምሩ። ከዚያ የጠፋው እርሳስና ዚንክ ስንት በመቶው የት እንዳለ አስሉ።

- ሻካራው ላይ ከበዛ ተጣብቋል፤ ለይቶ ማውጣት የሚቻለው በመፍጨት ነው። ኮሌክተር መጨመር ቅንጣቱን ያወጣው ይሆናል፣ ግን ቆሻሻውን ይዞ።
- መካከለኛው ላይ ከበዛ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ይሄ መጠን በቀላሉ መውጣት ነበረበት። ፒኤች፣ የኮሌክተር መጠን፣ የናሙና ዝገት እዩ።
- ልሙ ላይ ከበዛ ከመጠን በላይ ፈጭታችኋል፣ ወይም ጊዜ አንሶታል። የግፈፋ ጊዜ አርዝሙ፣ ኮሌክተሩን ከፋፍላችሁ ስጡ፣ የአየር አረፋው አነስ እንዲል አድርጉ።

የእርሳሱን ኮንሰንትሬትም እንዲሁ ለዩት። ዚንኩ ያለው ሻካራው ላይ ከሆነ ተጣብቆ ነው የወጣው። ከ20 በታች ከሆነና አሸዋውም አብሮ ካለ፣ በውሃ ተጎትቶ ነው የገባው እንጂ ኮሌክተር ይዞት አይደለም። ለዚህ መድኃኒቱ ዲፕረሳንት መጨመር አይደለም። አረፋውን ወፈር ማድረግ፣ አየር መቀነስ ወይም ፐልፑን (የማዕድንና የውሃ ድብልቁን) ማቅጠን ነው። ብዙ ዚንክ ሰልፌት በከንቱ ሲፈስ ያየሁት እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 8፦ አንድ በአንድ ቀይሩ

ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው፦ የመፍጨት መጠን፣ ፒኤች፣ ዲፕረሳንት፣ ኮሌክተር፣ በመጨረሻ ፍሮዘርና አየር። መፍጨት የሚቀድመው ገጹን ስለሚያበዛው ነው፤ ደቃቅ ከሆነ ሁሉም ኬሚካል ይጨምራል። ፒኤች ሲቀየርም የኮሌክተሩና የዲፕረሳንቱ ጉልበት ይቀየራል።

ጥሩ የሚመስለውን አካባቢ ካገኛችሁ በኋላ ግን አንድ በአንድ መቀየሩ አይበቃም፣ ምክንያቱም እርስ በርስ ይነካካሉ። ሦስት ነገር ምረጡ፣ ለምሳሌ ፒኤች፣ ዛንቴት፣ ዚንክ ሰልፌት። ለእያንዳንዱ አንድ ዝቅተኛና አንድ ከፍተኛ መጠን ስጡና ሁሉንም ጥምረት ሞክሩ። 8 ሙከራ ነው። መሃሉ ላይ 3 ጨምሩበት። ቅደም ተከተሉን በዕጣ አውጡት፤ ናሙናው በቀናት ውስጥ ቢዝግ ያ ለውጥ ከአንዱ ኬሚካል ጋር እንዳይደባለቅ።

ደረጃ 9፦ ማጽዳትና እንደገና መፍጨት

የመጀመሪያው ግፈፋ ዓላማው ሜታሉን አለማስቀረት ነው። ግሬዱ የሚሠራው በማጽጃው ዙር ነው። በመጀመሪያው ግፈፋ ሁለቱንም ለማግኘት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጣል። ኮንሰንትሬቱን ወደ 20 ወይም 30 ማይክሮን እንደገና ፈጭታችሁ፣ ትንሽ ዲፕረሳንት ጨምራችሁ፣ በትንሽ ሴል ሁለት ሦስት ጊዜ አጽዱት። ጠቅላላውን ማዕድን ያን ያህል ከማድቀቅ የተወሰነውን ክፍል መፍጨት ኃይል ይቆጥባል። ቅንጣቶቹ በጣም ደቃቅ ሆነው እርስ በርስ የተጣበቁበት ማዕድን ደግሞ አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ማክአርተር ሪቨር ላይ እስከ 7 ማይክሮን ድረስ ነው እንደገና የሚፈጩት።

በመጨረሻ የማጽጃውን ቴሊንግ ወደሚቀጥለው ሙከራ እየመለሳችሁ 6 ዙር ሂዱ። ፋብሪካ ላይ የሚሆነውን የምታዩት ያኔ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ክብደትና ይዘት ካልተረጋጋ፣ አንድ ነገር በመመላለሻው ውስጥ እየተጠራቀመ ነው።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

- የአየር አረፋው ትልልቅና ወዲያው የሚፈነዳ ሲሆን ኮሌክተር መጨመር። ያ የፍሮዘር ማነስ ነው።
- አረፋው ደቃቅ፣ ውሃማና ትሪው ላይ አልፈርስ የሚል ሲሆን ዝም ብሎ መቀጠል። ፍሮዘሩ በዝቷል ወይም ልም አለ፤ ግሬዱ ይወድቃል።
- ሙከራውን በቧንቧ ውሃ ሠርቶ ፋብሪካውን በተመላሽ ውሃ ማስኬድ። ተመላሹ ውሃ ካልሲየም፣ የተረፈ ኬሚካልና የመዳብ አዮን ይዞ ይመጣል፤ ዚንኩን ከእርሳሱ ጋር የሚያነቃው አንዳንዴ እሱ ነው። ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሙከራዎች በዚያው ውሃ ሥሩ።
- ደረቅ ዛንቴትን በማንኪያ ሴሉ ውስጥ መጨመር። መጠኑም አይታወቅም፣ እኩልም አይሰራጭም።
- የፒኤች መለኪያውን ጫፍ አለማጠብ። ኖራ ይለብሰዋል፣ ዝግ ብሎ ያነባል፣ እናንተ 11 ብላችሁ የምትጽፉት 10.3 ይሆናል። በየሙከራው መካከል በቀጭን አሲድ እጠቡት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፤ አሲዱ ግን ዛንቴት ካለበት ጠረጴዛ ይራቅ።